በስፌት ጣሳ የተደበቀ በረራ

ሰው ንጹሕ ከሆነ ለምን ዝም ይላል? ያን ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር የተጣላሁት በዚህ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም።

አቶ ብርሃነመስቀል ሞተው የተገኙት በ1997 ዓ.ም. በአስተርዮ ማርያም ዕለት ቅዳሜ፣ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ባለው መጋዘናቸው ውስጥ ነው። የትንንሽ አውሮፕላኖች መለዋወጫ ይነግዱ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ለባለቤታቸው ደወሉ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ዘበኛው ሻይ ይዞ ሲገባ ጭንቅላታቸው በብረት ተመትቶ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኛቸው። ከቢሮው የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ፣ የመለዋወጫዎቹ ወረቀት ሁሉ ተቀድቶ የሚቀመጥበት ትንሽ ዲስክ።

እዚያ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሰው አለኝ። የበኩር ልጄ ጌታቸው በቴክኒሺያንነት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ውዴ የምትባለው የሞተችው ልጄ ልጅ ፋኑኤል ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ከያዘ ሁለት ዓመቱ።

እሑድ ጠዋት ፓርክላንድስ ወዳለው ቤታችን አንዲት ሴት መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ኢንስፔክተር ኩለሱም ትባላለች፤ የሞምባሳ ሰው ናት።

«ማማ ጌታቸው፣» አለችኝ በስዋሂሊ። እዚህ አገር እናትን የሚጠሯት በበኩር ልጇ ስም ነው። «ፖሌ፣ ይቅርታ፣ በበዓል ማግስት መጣሁብሽ። ትናንት በምሳ ሰዓት ፋኑኤል የት ነበር?»

«ቤት። ሦስታችንም ነበርን። እኔ፣ ጌታቸውና እሱ። ምሳ በላን።»

«ምን በላችሁ?»

«ዶሮ ነዋ! በማርያም ቀን ምን እንድንበላ ፈልገሽ ነው?»

ወደ ፋኑኤል ዞረች። «እውነት ነው?»

ልጁ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወለሉን። «አያቴ ያለችው ነው፣» አለ።

ውሸት ነው። መርዶው በመጣ ጊዜ ጌታቸው ነው፣ «እማዬ፣ ፖሊስ የውጭ አገር ሰው ሲያገኝ ነገር ያበዛል። ሦስታችንም ቤት ምሳ በላን በያቸው፤ በዚያው ያልቃል» ያለኝ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የተመለስኩት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጌታቸው ግቢ ውስጥ የፋኑኤልን ሞተር ሳይክል ሲያጥብ አገኘሁት፤ ደግ አጎት ነህ ብዬም መረቅሁት። ፋኑኤል የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል፤ ካልሲው ላይ ደረቅ ሣር ተሰክቷል። የት ነበርክ ስለው ሳቀልኝ። እኔ መቼም ልጅ ሲስቅልኝ ጥያቄዬ ይጠፋብኛል።

ሰኞ ተመለሰች። ሁለት ፖሊሶች አስከትላለች።

«ዘበኛው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የፋኑኤልን ሞተር መጋዘኑ በር ላይ አይቷል። ነጂው ቢጫ የራስ ቁር አጥልቆ ስለነበር ፊቱን አላየውም። የራስ ቁሩ የማን ነው?»

«የፋኑኤል።»

«ዓርብ ዕለት ፋኑኤል ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። ምን እንዳጣላቸው አይናገርም። ደግሞ ጥሩወርቅ የምትባል ጓደኛሽን አነጋግሬያለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ጎኗ ተቀምጠሽ ነበር አለችኝ።» ደብተሯን ዘጋች። «ዶሮውን ማን በላው፣ ማማ?»

ሌላ ሴት ብትሆን እግር ሥር ትወድቅ ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። «እኔ እዋሻለሁ። ልጄ ግን አይገድልም! ሁለቱን አትቀላቅይብኝ!»

«የውሸት ቃል መስጠት ወንጀል ነው።»

«እንግዲያውስ እኔን እሰሪኝ። ይኸው እጄ!»

አላሰረችኝም። እሱን አሰረችው። ልጁ አንዲት ቃል አልተከራከረም። በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ዞር አለና፣ «ሾሾ፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን እንዳትረሺ፣» አለኝ። ሾሾ የሚለኝ እንደ ናይሮቢ ልጆች ነው፤ አያቴ ማለቱ ነው።

የፋኑኤልን ክፍል ላጽዳ ገባሁ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳብ ይገድለኛል። አልጋው ሥር ከተወሸቀ ካልሲ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር ወደቀ። ጥቁር ነው፤ ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ ይላል። ጎኑ ላይ የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ አለው፤ ክዳኑ እንዳይከፈት እንደ ማኅተም ያለ ወረቀት ተለጥፎበታል። ፖሊስ የሚፈልገው ዲስክ ይኼው ነው አልኩ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» ጌታቸው በሩ ላይ ቆሟል።

ሰጠሁት። አገላብጦ፣ አገላብጦ አየው። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«እሱ ነው፣» አለ። «ዲስኩ ነው። እማዬ፣ ይኼ ነገር ከተገኘ ልጁ አለቀለት። ተይኝ፣ ወንዝ ልክተተው።»

«ራሴ እጥለዋለሁ።» ከእጁ ነጠቅሁት። ለምን እንደ ነጠቅሁት አላውቅም። የልጁን ዕቃ ሌላ ሰው ሲጥለው ማየት አልወድም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ «ጣልሽው?» አለኝ።

«ጣልኩት።»

አልጣልኩትም። የስፌት ጣሳዬ ውስጥ፣ ከቁልፍና ከክር ሥር ቀብሬዋለሁ። ፋኑኤል ሰባት ዓመት ሲሞላው የነቀልኩለት የወተት ጥርስም እዚያው ጣሳ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኩለሱም ብቻዋን መጣች።

«ሚልኬሳ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ? ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለፋኑኤል ደውሏል።»

«አላውቀውም።»

«ሩንዳ ሰፈር ነው የሚኖረው። ልሄድ ነው።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«ማማ፣ ይኼ የፖሊስ ሥራ ነው።»

«ያሰርሽው የኔን ልጅ ነው። ወይ በመኪናሽ ትወስጂኛለሽ፣ ወይ በማታቱ ታክሲ ተከትዬሽ እመጣለሁ። ምረጪ!»

ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችና የመኪናውን በር ከፈተችልኝ።

ሚልኬሳ ረጅም ሰው ነው፤ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራል። እሑድ ወደ ሰሜን ለሥራ ሄዶ የተመለሰው ያን ዕለት ጠዋት ነበር። ስለ ፋኑኤል መታሰር ገና አልሰማም ነበር፤ ኩለሱም በር ላይ ነገረችው። ስሜን ስነግረው ጎንበስ ብሎ ሁለት እጄን ያዘ።

«እማማ እታገኘሁ! ፋኑኤል ስለ እርስዎ አውርቶ አይጠግብም።»

«ስለ አንተ ግን አንድ ቀን አውርቶልኝ አያውቅም።»

ደነገጠ። እኔን አየ፤ ኢንስፔክተሯን አየ። «እንግዲህ ልጁ ከታሰረ ምሥጢር መጠበቁ ምን ያደርጋል?» አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር የበረራ ክለባችን ውስጥ ነው። ያበራል። ግላይደር፤ ሞተር የሌለው አውሮፕላን። ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

የፋኑኤል እናት ውዴ ነርስ ነበረች። ፋኑኤል አራት ዓመቱ ሳለ በትንሽ አውሮፕላን ወደ አንድ የበሽተኞች ጣቢያ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ስለ አውሮፕላን ማውራት አበዛ። ቅዱስ ሥዕሉ ፊት አቁሜ፣ «በእናትህ ነፍስ ገዝቼሃለሁ፤ እግርህ ከመሬት እንዳይለቅ!» አልኩት። አሜን ብሎ ነበር።

«ሞተር ከሌለው እንዴት ይወጣል?» አለች ኩለሱም።

«ሌላ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ይለቀዋል። የሞቀ አየር ፈልጎ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ እንደ ጭልፊት። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ለቀቅነው። የሞቀ አየር ስላጣ የክለባችን ሜዳ መድረስ አቅቶት ኪተንጌላ ከሰው ማሳ ውስጥ አረፈ። ከአንድ ሱቅ ደወለልን፤ ተጎታች መኪና ይዘን ስንደርስለት ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።»

«የደወለው በስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ላይ። ያረፈው ግን ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው ብሎኛል።»

«ብሎኛል?» እርሳሷን አነሣች። «ሲያርፍ ያየው ሰው አለ?»

«... የለም።»

«ከኪተንጌላ ኢምባካሲ ግማሽ ሰዓት ነው። አምስት ተኩል ላይ ቢያርፍ፣ ስድስት ተኩል ላይ መጋዘኑ ይደርሳል፤ ገድሎ ተመልሶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደውልልሃል።»

«ሞተሩስ?» አልኩ እኔ።

«ሞተሩን ቤት ትቶት ነው በእኔ መኪና የሄድነው፣» አለ ሚልኬሳ። «ቁልፉ በር አጠገብ ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው ብሎኛል።»

ኩለሱም ወደ እኔ ዞረች። «ቤት የቀረ ሞተር ብቻውን ኢምባካሲ አይሄድም፣» አለች።

«ኢንስፔክተር፣ ክርክር አያስፈልገንም። በረራውን የሚመዘግበው ሪከርደር ይነግረናል። ፋኑኤል ወደ ቤት ይዞት ሄዷል። ጂፒኤስ ነው። በየአራት ሴኮንዱ የት እንዳለና ምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ይጽፋል። የአብራሪው ስም ከመነሣቱ በፊት ይገባበታል። አንድ ቁጥር እንኳ የነካካ ሰው ካለ ራሱ ያጋልጠዋል።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ጥቁር ሣጥን ናት። ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ጎኗ ላይ መሰኪያ ያላት፣ ማኅተም የተለጠፈባት።»

አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። አንድ ጥርጣሬ መጣብኝ። ስም ልሰጠው አልፈለግሁም። ዐሥራ ስምንት ዓመት የአውሮፕላን ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ያችን ሣጥን አገላብጦ አይቶ ዲስክ ናት ብሎኛል።

«መጀመሪያ ልጄን አሳዩኝ፣» አልኩ።

ጣቢያው ውስጥ ከአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ኩለሱም ከእኛ ራቅ ብላ ቆመች። አማርኛ ስለማትሰማ የሚለውን ሁሉ ልተረጉምላት ቃል አስገብታኛለች።

«ሚልኬሳ ነገረኝ፣» አልኩት።

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ገዝተሽኝ ነበር፣ ሾሾ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ሰማይ ላይ ነበርኩ ብል ግዝቱን ማፍረሴ ይታወቃል፤ ደግሞ አንቺን በፖሊስ ፊት ውሸታም አደርግሻለሁ። ኢት ዋዝ አ ትራፕ፤ ወጥመድ ሆነብኝ።»

«ለዚህ ብለህ ትሰቀል?»

«አይሰቅሉኝም። እውነቱ ይወጣል ብዬ ነው።»

«እውነት ብቻውን አይወጣም፣ አንተ ሞኝ! ሰው ነው ጎትቶ የሚያወጣው!» ግንባሩን ያዝኩት። «በእናትህ ነፍስ የገዘትኩህን በእናትህ ነፍስ ፈትቼሃለሁ። ተናገር።»

ተናገረ። ባለፈው ሳምንት የግላይደሩን የወንበር ቀበቶ ሲያጸዳ፣ ከእነሱ መጋዘን አዲስ ተብሎ የተሸጠውን ቀበቶ አሮጌ ሆኖ አገኘው። ክሩ በፀሐይ በስብሷል፤ ዕቃው ደኅና ነው ተብሎ የሚፈረምበት መለያ ወረቀት ብቻ አዲስ ነው። ዓርብ ዕለት ለአቶ ብርሃነመስቀል ነገራቸው።

«መጀመሪያ ጮኹብኝ። ከዚያ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሳቸው አያውቁም ነበር፣ ሾሾ። ‘ነገ መዝገቡን አይቼ፣ ሰኞ ራሴ ለአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አስታውቃለሁ’ አሉኝ።»

«መለያው ላይ የፈረመው ማን ነው?»

ልጁ ፊቱን አዞረ። «ሾሾ፣ እሱን አትጠይቂኝ፣» አለኝ።

ለኩለሱም ሁሉንም ተረጎምኩላት፤ ይህችን የመጨረሻዋን ግን አስቀረኋት።

«መጨረሻ ላይ ምን አለሽ?»

«መድኃኒትሽን ዋጪ አለኝ።»

አላመነችኝም። ግን አልጫነችኝም። «ወደ ክለቡ ሄጄ ያን ቀበቶ አየዋለሁ፣» ብላ ብቻ ሸኘችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ራሴ ደወልኩ። ለኩለሱምም፣ ለሚልኬሳም። «ስድስት ሰዓት ላይ ቤቴ ኑ፣» አልኳቸው። መጋዘኑ ታሽጎ ስለነበር ጌታቸው ቤት ነው የሚውለው። የሰፈሩ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ሐሳብ ከአእምሮዬ አስወጣሁት። ይበሉ! እኔ የምፈራው ብዙ ነገር አለ፤ መብረቅ እፈራለሁ፣ ውሻ እፈራለሁ፣ ልጆቼ ሲዘገዩ ሞቱ እላለሁ። የሰው አፍ ግን ከእንግዲህ አልፈራም አልኩ።

ኩለሱም ሁለቱን ፖሊሶች ውጭ አቁማ ከሚልኬሳ ጋር ስትገባ ጌታቸው ሶፋው ላይ ጋዜጣ ይዟል። ጣሳውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩና ከፈትኩት። ክሩን አነሣሁ፤ ቁልፎቹን ገፋሁ። ጥቁሯን ሣጥን አወጣሁ።

ጌታቸው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጣልኩት አላልሽኝም?»

«ምን አለ?» አለች ኩለሱም። ሚልኬሳ ተረጎመላት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ሚልኬሳ ሣጥኗን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አያያዛት። ማኅተሟን አገላብጦ አሳየን፤ አልተነካም። ትንሽ ቆይቶ በስክሪኑ ላይ የፋኑኤል ስም ወጣ፣ ከሥሩ ቁጥሮች።

ኩለሱም ጎንበስ ብላ አነበበች። ፊቷ ጠቆረ። «መነሻ፣ ስምንት ከአምስት። ማረፊያ፣ ዐሥር ከሃምሳ ስምንት። ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠረው በመሥሪያ ቤት ሰዓት ይህ ከቀትር በፊት ነው። ሰውየው የሞተው ከቀትር በኋላ ነው። ልጁ ከግድያው ከአንድ ሰዓት በፊት መሬት ላይ ነበር፣ ማማ። አዝናለሁ።»

ጌታቸው በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ልጄን በገዛ እጄ ገደልኩት አልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ፣» አለ ሚልኬሳ። «ሣጥኗ ናይሮቢን አታውቅም። ዓለም ላይ የትም ብትበር የምትቆጥረው በለንደን ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ጨምሩበት፤ ስምንቱ በመሥሪያ ቤት ሰዓት ዐሥራ አንድ ይሆናል። የተነሣው በእኛ አምስት ሰዓት ከአምስት ነው። ያረፈው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ልክ እንዳለኝ።»

ከዚያ መሥመሩን አሳየን። የልጄን መንገድ። ቀጭን ቀይ ክር ነው። አንዳንድ ቦታ ቀጥ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ክር ጥቅል ይጠመጠማል፤ ሲጠመጠም ወደ ላይ የሚወጣበት ነው አለኝ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበር?» አለች ኩለሱም።

ጣቱን ከንጎንግ ኮረብቶች ባሻገር አንድ ጥቅልል ላይ አኖረ። «እዚህ። ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ላይ። አንድ ሰው ብቻ በሚይዝ ግላይደር።»

ተናደድኩ። ፈራሁ። ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ። ያ ሁሉ ሰማይ፣ ያ ሁሉ ከፍታ፣ የኔ ልጅ ብቻውን!

«ፋኑኤል ዛሬ ይፈታል፣» አለች ኩለሱም። ከዚያ ወደ ጌታቸው ዞረች። «ይህችን ሣጥን ስታያት ምን መሰለችህ?»

«ዲ... ዲስኩ መስሎኝ ነው።»

«ጌታቸው፣» አለ ሚልኬሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለክለባችን ሦስቱን ሣጥኖች የሸጥክልን አንተ ነህ እኮ። አሠራራቸውን ያሳየኸኝም አንተ ነህ።»

ኩለሱም ከቦርሳዋ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ከቀበቶው ላይ የተቆረጠች መለያ ወረቀት አለች። ጠረጴዛው ላይ፣ ከጣሳው አጠገብ፣ ወደ እኔ አዙራ አኖረቻት።

መነጽሬን አላወጣሁም። ፊርማውን ከሩቅ ዐውቀዋለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የፋኑኤልን የትምህርት ቤት ካርድ እንዲፈርምልኝ የምሰጠው ለጌታቸው ነበር። መጀመሪያዋ ፊደል እንደ መንጠቆ ነው የምትታጠፈው።

«ቅዳሜ ዕለት ሟቹ መዝገቡን አይተው የፈረመውን ሰው ጠርተውታል፤ ዲስኩም የጠፋው ይህ ፊርማ ስላለበት ነው ብዬ አስባለሁ፣» አለች። «ምስክር ግን የለኝም። ያለኝ አንድ የምሳ ጠረጴዛ ነው። ፋኑኤል ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቷል፤ ሰማይ ላይ ነበር። አንቺ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ እሱን እዚያ ያስቀመጠው ያንቺ ቃል ብቻ ነው።» እርሳሷን አነሣች። «ማማ ጌታቸው፣ ቅዳሜ እዚህ ቤት ማን ምሳ በላ?»

ምነው ያን ቀን እንኳ በሌላ ስም በጠራችኝ!

ጌታቸው አየኝ። የአምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ያኔ ግን ዓይኑ ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ሳለ የማውቀው ዓይን ሆነብኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ዶሮ በላን ብል፣ እናት ናት ብለው ያልፉኝ ይሆናል። ግን ያችን ቃል መጀመሪያ ያዋሰኝ እሱ ነው። የውዴን ልጅ አድንበት መስሎኝ ተናገርኳት፤ እሱ ግን ልጁን ከፊቱ አቁሞ ከኋላው ተደብቆባት ነበር። ሣጥኗንም ወንዝ ሊከታት ሲል የሚከተው የልጁን ነፍስ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

«ምሳ አልነበረም፣» አልኩ። ጣሳውን ጨብጬ ያዝኩ። «ዶሮም አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ ጌታቸው ግቢ ውስጥ የፋኑኤልን ሞተር ያጥብ ነበር። የሰፈራችን አፈር ቀይ ነው፤ ጎማው ላይ የነበረው ጥቁር ጭቃ የኢምባካሲ ጭቃ ነው። አይቼዋለሁ። ደግ ነህ ብዬ መርቄዋለሁ።»

ኩለሱም ጻፈች። እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲጭር ይሰማ ነበር።

«አላለቅስልህም፣ ልጄ፣» አልኩት። «ዛሬ አላለቅስም። እዚያ ጣቢያ ድረስ ግን ስንቅ አመጣልሃለሁ። በየቀኑ። ይህን ማንም አይከለክለኝም።»

ጌታቸው ጋዜጣውን አጥፎ ሶፋው ላይ አኖረ። ጫማውን አጠለቀ፤ ክሩን እስኪያስር ድረስ ማንም አላቻኮለውም። በሩ አጠገብ ሲደርስ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና የፋኑኤልን የሞተር ቁልፍ አወጣ። ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤ እንዳይወድቅ በጣቱ ነካ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ በሩን ከፍቶ፣ ውጭ ወደቆሙት ፖሊሶች ወጣ።